ትሁኔ ልክ ነበረች ወይ?

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

እታለሜ፣

ናፍቀሽኛል። አባባም ናፍቀውኛል። ይኼንን ሳልጽፍ ወደ ወሬዬ ብገባ እንደምትቀየሚኝ ስለማውቅ አስቀደምኩት። ብርድ ልብሱ በቅቶኛል። ባሕር ዳር እንደ ላፍቶ አይደለም፣ ይሞቃል፤ የሠራሽልኝን ሹራብ እስካሁን ከሻንጣ አላወጣሁትም። ምግቡንም ለምጄዋለሁ፣ አታስቢ። ጓደኛ አገኘሽ ወይ ላልሽኝ፣ ዶርማችን ውስጥ ስምንት ሴቶች ነን፤ ከሁሉም ጋር ሰላም ነኝ። እንዳንቺ ጮክ ብላ የምታነብልኝ ግን የለችም። እዚህ ሁሉም ለብቻው ነው የሚያነበው፤ የሚያነበውም ለፈተና ነው።

አሁን ወሬዬን ስሚ። የሥነ ጽሑፍ መምህራችን በልጅነታችን ያነበብነውን አንድ መጽሐፍ እንደገና አንብበን፣ ምን እንዳገኘንበት እንድንጽፍ አዝዞናል። «መጽሐፉ ያው ነው፤ የተለወጣችሁት እናንተ ናችሁ። እስቲ ምን ያህል እንደተለወጣችሁ አሳዩኝ» ነው ያለን። ክፍሉ አጉረመረመ። እኔ ግን እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከዚያ ወዲህ ላይብረሪ እየገባሁ ድሮ ያነበብኩትን ሁሉ አስወጣለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ከአባባ ተደብቄ የጨረስኩትን የመርማሪ መጽሐፍ ታስታውሺዋለሽ? ጀመርኩትና ተውኩት። ገዳዩን ስለማውቀው የሚይዘኝ ነገር አጣሁ፤ ለካ እነዚያ ሰዎች ሁሉ የተፈጠሩት ገዳዩን ለመደበቅ ብቻ ነው። የተረት መጽሐፉ ግን አሁንም አሳቀኝ፤ ዶርም ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አመመሽ እንዴ አሉኝ።

አንድ ነገር ደርሼበታለሁ። መልሶ መነበብ ያለበት የወደድነው መጽሐፍ አይደለም፤ የተጣላነው ነው። የወደድነውን አንዴ ጨርሰነዋል። የተጣላነው ግን ያልተናገረን ነገር አለው።

ስለዚህ ከአባባ ሳጥን ውስጥ ያንን ሽፋን የሌለውን መጽሐፍ ላኪልኝ። እማዬ በሞተች ክረምት ያነበብሽልኝን። ትሁኔን። ወንዝ ዳር ወፍጮ ቤት ከአባቷ ጋር የምትኖረዋን፣ ድልድይ ሊሠራ የመጣው ቀያሽ «ተጋብተን አብረን እንሂድ» ሲላት፣ «አባቴን ጥዬ የትም አልሄድም» ብላ የቀረችውን። እዚያ ስትደርሺ ከእጅሽ ነጥቄ ግድግዳ ላይ ወረወርኩት እኮ! አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አንቺ የጻፍሽው ይመስል ለቀናት አኮረፍኩሽ። ሽፋኑና የመጀመሪያ ቅጠሎቹ ስለተገነጠሉ እስከ ዛሬ ደራሲውንም ርዕሱንም አናውቅም።

አሥራ አንደኛ ክፍልን ስለመጨረስ ያነሣሁብሽን ዘለልሽው። ሳሪስ የማታ ትምህርት አለ ይባላል። እናትነቱም እህትነቱም ባንቺ ላይ ወድቆ ማቋረጥሽን ሳስብ እዚህ መቀመጤ ያሳፍረኛል።

ሲና

*

ላፍቶ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1988 ዓ.ም.

ሲናዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? አባባ ስለ ጉልበታቸው እንዳልነግርሽ አስጠንቅቀውኛል፤ ስለዚህ ስለ ጉልበታቸው አልነግርሽም። ከዚያ ውጪ ደህና ነን።

ደብዳቤሽ በፋብሪካው የፖስታ ሣጥን በኩል ደረሰኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ለሶፊ አነበብኩላት። ከአጠገቤ ኮሌታ የምትሰፋዋን ታውቂያት የለ? «እህትሽ እንዴት ነው የምትጽፈው!» ብላ ግማሹ ሳይገባት ወደደችው።

ሰሞኑን የላፍቶ ነፋስ የኩሽናችንን ቆርቆሮ አንሥቶ ጤፍ ማሳው ውስጥ ጣለው። ኤልዳድ የሚባል የፋብሪካችን ማሽን ጠጋኝ እሑድ መጥቶ መልሶ መታልን። የወላይታ ልጅ ነው፤ ለቡ በኩል ቤት ተከራይቶ ነው የሚኖረው። አባባ ከታች ሆነው ሲያዩ ቆዩና «ይኼ ልጅ ሚስማር አያባክንም» አሉ። ከእሳቸው አፍ ምስጋና ሲወጣ እንደዚህ መሆኑን ታውቂያለሽ። ምሳ አብሮን በላ። ከበላ በኋላ ተነሥቶ ሳህኑን ራሱ አጠበው፤ አባባ የሚያዩበት ጠፍቷቸው ወደ ደጅ ዞሩ። በተከታዩ እሑድ ደግሞ በሩን ላስተካክል ብሎ መጣ። በሩ እንኳ ምንም አልሆነም ነበር።

መጽሐፉን ዛሬ ልልክልሽ አስቤ አልላክሁትም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ከሳጥን ሳወጣው እዚያው ቁጭ ብዬ ጀመርኩት። ለካ ያኔ ሳነብልሽ ብዙውን እየዘለልኩ ነው ያነበብኩልሽ። ትሁኔ ወፍጮውን የምታጸዳበትን፣ ለአባቷ እግር ውኃ የምታሞቅበትን፣ የሚመጣውን እህል የምትረከብበትን፣ ያን ሁሉ ይሰለችሻል ብዬ አልፌዋለሁ። እኔም ሰልችቶኝ ይሆናል። አሁን የማነበው እሱን ነው። ሥራዋን ሁሉ አውቀዋለሁ። ቀያሹ የሚመጣበት ጋ ስደርስ ደግሞ ቀስ እላለሁ፤ እንዳያልቅብኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት እልከዋለሁ፣ ቃሌ ነው። ገጾቹ እየወለቁ ስለሆነ በካኪ ጨርቅ ሽፋን እሰፋለታለሁ።

ስለ ማታ ትምህርቱ የጻፍሽውን አይቼዋለሁ። ሌላ ጊዜ።

ክብረት

*

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 18 ቀን 1988 ዓ.ም.

እታለሜ፣

መጽሐፉ ደረሰ! ሽፋኑን ዶርም ያሉት ሁሉ እየተቀባበሉ አዩት። በሁለት ቀን ጨርሼው፣ እንደገና ከጀመርኩት በኋላ ነው የምጽፍልሽ፤ ለመዘግየቴ ምክንያቱ ይኼው ነው።

ጣሪያው በመጠገኑ ደስ ብሎኛል፤ ሰውየውን አመስግኚልኝ። አባባ ለጉልበታቸው ሐኪም ቤት ካልሄዱ በጥር መጥቼ ራሴ እወስዳቸዋለሁ በያቸው።

እታለሜ፣ በትሁኔ ተሳስተን ነበር! በልጅነቴ ፈሪ መስላኝ ነበር። አሁን ሳነባት ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ ደፋሯ እሷ ናት። ድልድዩ ሲመረቅ ሁሉም ሰው ወደዚያ ማዶ ለመሻገር ይጋፋል፤ እሷ ብቻ ናት ቆማ የምታይ። ቀያሹማ ምን አደረገ? መጣ፣ ለካ፣ ሄደ። መምህራችንን ሳነጋግረው «ጥሩ መንገድ ይዘሻል፣ ቀጥዪበት» አለኝ። ጽሑፌን በዚህ መንገድ እገፋበታለሁ።

አንቺ የዘለልሽውን የሥራ ክፍል እኔም አየሁት። ትንሽ ረዘመ። ደራሲው ቢያሳጥረው ይሻል ነበር።

ለምን ቶሎ ቶሎ አትጽፊልኝም? የአንቺ ደብዳቤ ሁልጊዜ የሆነ ቦታ ላይ የሚቆም ይመስለኛል።

ሲና

*

ላፍቶ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1988 ዓ.ም.

ሲናዬ፣

ለምን አትጽፊም ላልሽው፣ ፋብሪካው ትርፍ ሰዓት ያሠራናል። ቤት ስገባ እጄ እንኳን እስክሪቢቶ ማንኪያ አይዝም። የሚቆም ይመስላል ያልሽው ግን እውነት ነው። ለዚህም አሁን ይቅርታ አልጠይቅሽም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ስለ መጽሐፉ ነው። አንቺ ተምረሻል፣ መምህርም አለሽ፤ እኔ ብቻዬን ሳወጣ ሳወርድ ነው የከረምኩት።

ትሁኔ ልክ ነበረች ወይ?

እንደ መጽሐፉ ብቻ አትመልሺልኝ። እስቲ እንዲህ ብለሽ አስቢው። ቀያሹ ዝም ብሎ መንገደኛ ሳይሆን፣ ደኅና ሰው ቢሆን። ሥራ ሩቅ አገር አግኝቶ የግድ የሚሄድ ቢሆን። ሃይማኖቱም ከአባቷ ሃይማኖት የተለየ ቢሆንና አባቷ እንደማይወዱት ብታውቅ። እሷም ልጅ ባትሆን፤ ዕድሜዋ ወደ ሠላሳው እየተጠጋ ቢሆን። ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ እህት የላትም፤ ግን ብትኖራት። ታናሽ እህት፣ ጥቂት ዓመት ተምራ ቤቷ የምትመለስ። ያኔስ? ብትሄድ ትሁኔን ሰው ይጠላታል ወይ? አንቺ ራስሽ አንባቢዋ፣ ብትሄድ ትቀየሚያት ነበር?

ረዥም መልስ አልፈልግም። አዎ ወይም አይደለም ብትዪኝ ይበቃኛል። ብቻ ከጥምቀት በፊት ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል።

አባባ ደህና ናቸው። ዛሬ ስለ ጉልበታቸው እውነቱን ልንገርሽ፤ ማታ ማታ ሳልደግፋቸው ከመቀመጫቸው አይነሡም።

ክብረት

*

ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

እታለሜ፣ የእኔ ሐያሲ!

እንዴት ያለ ጥያቄ ነው የጠየቅሽኝ! ሌላ ተማሪ በዓመት አንዴ እንኳን እንደዚህ አይጠይቅም። ደብዳቤሽን ይዤ በቀጥታ ወደ መምህሬ ነው የሄድኩት። «እህትሽ የት ነው የምትማረው?» አለኝ። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው ስለው «ጥያቄዋን የጽሑፍሽ መነሻ አድርጊው» አለኝ። አደረግሁት። ትላንት ለክፍሉ በሙሉ አነበብኩት። ሲያጨበጭቡልኝ አንቺን ነበር የማስበው።

መልሴ ይኼው። ትሁኔ ልክ ናት። ያልሻቸውን ሁሉ ብንጨምርም ልክ ናት፤ እንዲያውም ይበልጥ ልክ ትሆናለች። ቀያሹ ደኅና ሰው ከሆነ መቅረቷ ይከብዳል፤ የሚከብድ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ዕድሜዋ መግፋቱም እንደዚሁ። እህት ብትኖራት ላልሽው ብዙ አሰብኩበት። እህት ቢጨመር መጽሐፉ ይበላሻል። የእህቲቱ መኖር ለትሁኔ ማምለጫ ይሆናታል፤ ደራሲው ሆን ብሎ ነው ያልሰጣት። ብትሄድማ ሠርግ ተደግሶ የሚያልቅ ተራ መጽሐፍ ይሆን ነበር፤ ማንም ሁለተኛ አያነበውም ነበር። ጽሑፌን የጨረስኩት በዚህ ነው፤ «መሄድ ለማንም ይቀላል፤ ሰውን ሰው የሚያሰኘው መቅረት ነው።»

ትቀየሚያት ነበር ወይ ላልሽኝ፣ አዎ። ብትሄድ እቀየማታለሁ። አባቷን ማን ያነሣላታል?

ከጥምቀት በፊት እንዲደርስሽ ነገ ራሴ ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ።

ሲና

*

ላፍቶ፣ ጥር 15 ቀን 1988 ዓ.ም.

ሲናዬ፣

ደብዳቤሽ በሰዓቱ ደርሷል። አመሰግናለሁ። ስላጨበጨቡልሽም ደስ ብሎኛል።

ለጥምቀት እኔ አልወጣሁም። አሞኝ አይደለም። አባባ በሰፈር ሰው ተደግፈው ታቦት ሸኝተው ተመለሱ።

ለእረፍት ስትመጪ ነጭ ሽንኩርት ይዘሽ ነይ፤ የባሕር ዳሩ ጥሩ ነው ይላሉ።

መጽሐፉን አትመልሺልኝ። እዚያው ይቀመጥ።

ክብረት

*

ባሕር ዳር፣ የካቲት 21 ቀን 1988 ዓ.ም.

እታለሜ፣

በምን ልጀምር። ጤናሽን ልጠይቅ ብል፣ አብረን ሰንብተን ከተለያየን ጥቂት ቀን ነው። ቤት በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ እያየሁሽ ምንም አላየሁም። ከስተሻል፤ ትርፍ ሰዓቱ ነው አልሽኝ፣ አመንኩሽ። ስለ መጽሐፍ ሳወራ ተነሥተሽ ውጭ ትወጪ ነበር፤ ልብስ ልታሰጪ ነው ብዬ አሰብኩ።

የተለያየን ቀን ጋርመንት ፌርማታ ላይ ታክሲ ስጠብቅ ሶፊ አገኘችኝ። ሰላም ብላኝ እንኳ አልጨረሰችም።

«እና አንቺ ነሽ ኤልዳድን ያባረርሽው?» አለችኝ።

«ኤልዳድ ማነው?» አልኳት። እታለሜ፣ እውነቴን ነው፤ ስሙን ረስቼዋለሁ። ጣሪያውን ብቻ ነው ያስታወስኩት።

ሶፊ ሁሉንም ነገረችኝ። አርባ ምንጭ ሥራ ማግኘቱን፣ አግቢኝና አብረን እንሂድ ማለቱን፣ እስከ ጥምቀት ልጠብቅሽ ማለቱን። ደብዳቤዬን ምሳ ሰዓት ላይ እንዳነበብሽላትና «ይኼ እኮ ስለ መጽሐፍ ነው» ስትልሽ፣ ወረቀቱን አጥፈሽ ወደ ማሽንሽ እንደተመለስሽ። ያን ዕለት ከሥራ ስትወጡ በር ላይ እየጠበቀሽ እንደነበር። ከዚያ በኋላ እሱ ጓዙን ጠቅልሎ እንደሄደ።

ከጥምቀት በፊት አልሽኝ እኮ! ስለ ልቦለድ የተጠየቀ መልስ ለምን ከጥምቀት በፊት ይፈለጋል? ይኼን እንኳ አልጠየቅሁም። ታናሽ እህት ብትኖራት አልሽኝ። ወደ ሠላሳ የተጠጋች አልሽኝ። እኔ ደግሞ እህት ቢጨመር መጽሐፉ ይበላሻል አልኩሽ። ይኼን የጻፈ እጅ የእኔ መሆኑን ማመን አልቻልኩም። ደብዳቤ ማንበብ የማልችል ሰው ምን ብዬ ነው መጽሐፍ አነባለሁ የምለው?

ታክሲው መጣና ተሳፈርኩ። አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው እንዳልልሽ፣ ውሸት ነው። መመለስ እችል ነበር። ፊትሽን ማየት ፈራሁ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ትምህርቱን ላቋርጥና ልምጣ። አባባን እኔ እይዛለሁ። አንቺ ጻፊለት፤ ሂጂ። አድራሻውን ሶፊ ታውቀዋለች። እምቢ ካልሽ እኔ ልጻፍለት።

ይቅር በይኝ። ካልቻልሽም አልፈርድብሽም።

ሲና

*

ላፍቶ፣ መጋቢት 10 ቀን 1988 ዓ.ም.

ሲና፣

ቶሎ ያልመለስኩልሽ ተቆጥቼ ነው። ደብዳቤሽን ባገኘሁ ቀን ብመልስ ኖሮ፣ በኋላ የማዝንበትን ነገር እጽፍልሽ ነበር።

የተቆጣሁት በመልስሽ አይደለም። ለክፍሉ ስላነበብሽው ነው። ያን ጥያቄ ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ አታውቂም። ከሶፊ በቀር ለማንም ያልነገርኩትን፣ አንቺ ለማላውቃቸው ሰዎች አነበብሽው፤ እነሱም አጨበጨቡ። ስለ እኔ መሆኑን አላወቅሽም። አላወቀችም እያልኩ ለራሴ ብዙ ነግሬዋለሁ። ቁጣው ግን አልሰማኝም።

አሁን በርዷል። ስለዚህ እውነቱን ልንገርሽ።

አዎ፣ ድርሻ አለሽ። የለሽም ብልሽ እንደ ልጅ ማባበል ይሆንብኛል፤ አንቺም ልጅ አይደለሽም። ግን ሙሉው ያንቺ አይደለም። እኔ ፈርቼ ነበር። ሰው የማላውቅበት አገር መሄድን ፈርቼ ነበር፤ የእሱ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ምን እንደምሆን ፈርቼ ነበር፤ አባባን ፈርቼ ነበር። ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ ለፍርሃቴ የሚያምር ስም ሰጠው። ትሂድ ብለሽ ብትጽፊልኝ ኖሮ ምናልባት ሌላ የምጠይቀው ሰው እፈልግ ነበር።

ያን ዕለት በር ላይ ምን እንዳልኩት ሶፊ አልነገረችሽም፤ አታውቅምና። ያንቺን ቃል ነው የነገርኩት። «መሄድ ለማንም ይቀላል፤ ሰውን ሰው የሚያሰኘው መቅረት ነው» አልኩት። እንደዚህ፣ ቆሜ።

አየኝና «ክብረት፣ ይኼ ያንቺ ንግግር አይደለም» አለኝ።

«የእኔ ነው» አልኩት።

«እሺ፣ በራስሽ ቃል አንዴ ንገሪኝና ልሂድ። አልፈልግህም በይኝ።»

አልፈልግህም ማለት አቃተኝ። እፈልግሃለሁ ማለትም አቃተኝ። አባቴ ብቻቸውን ናቸው አልኩት። ካቻቪቴውን ከአንዱ ኪሱ ወደ ሌላው ሲያዛውር ቆየና፣ ደህና ሁኚ ብሎኝ ሄደ።

ትምህርትሽን ብታቋርጪ በሬን አልከፍትልሽም። አትጻፊለት። ይኼንን ነገር ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልፈልግም፤ አንዴ ተጽፎልኝ አይቼዋለሁ።

ይቅር ብዬሻለሁ። ይኼን ስጽፍ ግን ገና እያመመኝ ነው፤ ይኼንንም እንድታውቂው ነው።

ክብረት

*

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 29 ቀን 1988 ዓ.ም.

እታለሜ፣

በቃሽ ካላልሽኝ አጭር ደብዳቤ ልጽፍልሽ ነው።

መምህሬ ጋ ሄጄ ጽሑፌን መልስልኝ አልኩት። «ማርክሽ ገብቷል፤ ጥሩ ማርክ ነው» አለኝ። ሙሉውን ተሳስቼዋለሁ፣ እንደገና ልጻፈው አልኩት። «በጥሩ ሁኔታ የተጻፈ ስሕተት ከሆነ ማርኩ ይጸናል» ብሎ ሳቀ። ድሮ ቢሆን አብሬው እስቅ ነበር።

ትሁኔን እንደገና አነበብኳት። ለትምህርት አይደለም፤ አንቺን ፍለጋ ነው። አሁን አንቺ የዘለልሽውንና እኔ ረዘመ ያልኩትን ነው ቀስ ብዬ ያነበብኩት። አንድ ነገር አገኘሁ፤ ልንገርሽ አልንገርሽ እያልኩ ሰንብቻለሁ። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አባትየውን የጠየቀ ሰው የለም። ቀያሹ ትሁኔን ይጠይቃታል። ትሁኔ ራሷን ትጠይቃለች። ሰውየው እዚያው ወፍጮው አጠገብ ተቀምጦ፣ ስለ እሱ ሁሉም ይወስናሉ። ደራሲውም አልጠየቀውም። እኔም ያን ሁሉ ገጽ ስጽፍ አልጠየቅሁትም።

እታለሜ፣ አባባን ጠይቀሻቸው ነበር?

ምክር አይደለም። ምክር ከሰጠሁሽ ምላሴ ይቆረጥ። ጥያቄ ብቻ ነው።

ሲና

*

ላፍቶ፣ ግንቦት 26 ቀን 1988 ዓ.ም.

ሲናዬ፣

አልጠየቅኋቸውም ነበር። ደብዳቤሽ በሕማማት ነው የደረሰኝ። ጾሙ እስኪፈታ ዝም አልኩ። የፋሲካ ማግስት፣ አባባ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ሲሰሙ፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ኤልዳድን ያስታውሱታል?» አልኳቸው።

«ጣሪያውን የመታውን? ምነው ጠፋ?»

«አርባ ምንጭ ሄደ። ከመሄዱ በፊት አግቢኝ ብሎኝ ነበር።»

ሬዲዮውን ዘጉት። «ምን አልሽው?»

«አባቴን ጥዬ አልሄድም አልኩት።»

ሬዲዮውን ከጭናቸው አውርደው መሬት ላይ አስቀመጡት። ከዚያ «እኔን ጠየቅሽኝ?» አሉኝ።

«እምነቱ የተለየ ነው ብዬ... እንደማይወዱት ስለማውቅ...»

«ጴንጤ መሆኑን አውቃለሁ። ጣሪያ ላይ ሆኖ ሲዘምር ሰምቼዋለሁ» አሉ። «አልወድም ነበር። እቆጣ ነበር። ምናልባት ሠርግሽም ላይ አልገኝም ነበር። ግን እቆጣ ነበር እንጂ አልሞትም ነበር፣ ልጄ።»

ሲና፣ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እናታችን ከሞተች ወዲህ በፊታቸው አልቅሼ አላውቅም። ጭንቅላቴ ላይ እጃቸውን ጣል አደረጉ። ሲነሡ እንድደግፋቸው አልፈቀዱም፤ ግድግዳውን ይዘው ተነሡና ከውስጥ ወረቀት አመጡልኝ። «ጻፊለት» አሉኝ።

ጻፍኩለት። በራሴ ቃል። አጭር ነበር፤ ያን ዕለት በር ላይ ያቃተኝን ብቻ ነው የጻፍኩት። ሶፊ አድራሻውን ሰጠችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ ከሥራ ስገባ «መጣ?» ይሉኛል። ምን እንደሆነ አይናገሩም፤ «መጣ?» ብቻ። አልመጣም እላቸዋለሁ፤ እራት እናቀርባለን።

ባለፈው ሳምንት መጣ።

ጥሩ ደብዳቤ ነው። አልተቆጣም፤ እኔንም አልወቀሰኝም። ከአገሩ ልጅ ለሆነች፣ በቤተ ክርስቲያኑ ለሚያውቃት ሴት በመጋቢት ቃል እንደሰጣት ጻፈልኝ። «ሁለት ወር ደብዳቤሽን ስጠብቅ ፖስታ ቤት ተመላልሼ ነበር» ይላል። ከዚያ በታች ስለ አባባ ጉልበት ጠይቆ፣ ላንቺም ሰላምታ ልኮ ጨረሰው። ሠርጉ በሰኔ ነው። እሷ የምታውቀው ነገር ስለሌለ፣ ከእንግዲህ እንዳልጽፍለት በትሕትና ለመነኝ። አልጽፍለትም።

ቤት ስገባ አባባ «መጣ?» አሉኝ።

«መጣ፣ አባባ።»

ፊቴን አይተው ሁለተኛ አልጠየቁኝም። እራት ስናቀርብ ብቻ፣ እንጀራውን እየቆረሱ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው «ተጣልተን ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አላነሣንም። እሳቸው ግን በየጠዋቱ እኔ ሳልነሣ ተነሥተው ውኃ ጥደው ይጠብቁኛል። እንዳይወድቁ ብዬ ብቆጣቸውም አልተዉም።

ማጽናኛ እንዳትጽፊልኝ። ጥፋቱ የማን እንደሆነም አታስዪልኝ። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ለሁላችንም ይደርሰናል፤ ከዚያ በኋላም አያልቅም። ፈተናሽን በደንብ ተፈተኚ። ምን እያነበብሽ እንደሆነ ስትጽፊልኝ ደስ ይለኛል፤ ሰሞኑን ግን ተይኝ፤ ያየሽውንና የበላሽውን ጻፊልኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፣ ሲና። ስለ ማንም አይደለም፤ ስለ እኔ ነው። ከፍቶኛል። ቤቱ ውስጥ አባባን ላለማስጨነቅ ደህና መስዬ እውላለሁ፤ ፋብሪካም ደህና መስዬ እውላለሁ፤ ደክሞኛል። ፈተናሽ እንዳለቀ፣ አንድ ቀን ሳታድሪ ትመጪልኛለሽ?

እህትሽ ክብረት